ሰው የማይሞትባቸው ፊልሞች

የጋለ ቴሌቪዥን ውስጥ የገባ አቧራ ሲቃጠል የራሱ የሆነ ሽታ አለው። የቀለጠ ፕላስቲክ አይደለም፣ የተጠበሰ አፈርም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ነው። ሰመራ ውስጥ ለሾፌሮች ፊልም በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ የምጭንባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ለጥገና ያመጣውን ጀርባው የተቆለለ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰክቼ ስከፍተው ያ ሽታ መጣ። ምስል የለም፣ ድምፅ የለም፣ ሽታው ብቻ። ሳጠፋው ደስ አላለኝም፤ መልሼ ከፈትኩት። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ትዝታ ለመጻፍ ትንሽ ያንሳል። ግን የማወራለት ቪዲዮ ቤት ፈርሶ ጎሚስታ ቤት ሆነ፣ ጎሚስታ ቤቱም ፈርሶ ዛሬ ባዶ መሬት ነው። ሁለት ጊዜ የፈረሰን ነገር ለማስታወስ ሽበት መጠበቅ ያለብኝ አይመስለኝም።

ቪዲዮ ቤቱ አዋሽ ሰባት ነበር፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ፣ ከእህል መጋዘኑ ቀጥሎ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ብርሃን እንዳያስገባ ከውስጥ በኩል የስኳርና የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ ተለብጦበታል። አሥራ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረው፤ ሰባተኛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ የተሰበረ ሸክላ ይገባለታል፣ ሰው በተነሳ ቁጥር ሸክላው ይወጣል። ቴሌቪዥኑ በእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ በቁልፍ። የአሜሪካ ፊልም አንድ ብር፣ የሕንድ ረጅም ስለሆነ አንድ ብር ከሃምሳ። በር ላይ ሳምቡሳ በሃምሳ ሳንቲም ይሸጣል፤ ምስሩ ውስጥ ቃሪያ የሚበዛበት ቀን ነበር፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ ፊልሙ ሳያሳዝነው ያለቅሳል። ከፊት ለፊት ያለው ካሴት ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፣ በእኛ ፊልም ውስጥ ሰው ሲሳሳም የእሱ ዘፈን በቆርቆሮው አልፎ ይገባል፤ ዛሬም ያን ዜማ ስሰማ ዝናብ ላይ የቆመች ሕንዳዊት ትታየኛለች። ያን ጊዜ ፋሽኑ ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ጂንስ ነበር። አቧራውን ይጠርግ ስለነበር የሁላችንም ሱሪ ጫፉ ቡናማ ነው። የሾፌሮቹ ግን ንጹሕ ነበር፤ እነሱ መሬት አይረግጡም ይባል ነበር፣ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና።

ፊልሙን የሚተረጉምልን ጋሽ ሙሄ ነበር። የባቲ ሰው ነው። ጂዳ ጋራዥ ውስጥ ከሕንዶች ጋር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ቋንቋቸውን እነሱ ከሚያውቁት በላይ አውቃለሁ ይላል። ከቴሌቪዥኑ በስተግራ አንዲት ዘንግ ይዞ ይቆምና ሰዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ይናገርላቸዋል። ሴት ስትናገር ድምፁን ያቀጥናል፤ ክፉው ሰውዬ ሲናገር ደግሞ የደሴ አራዳ ይሆናል። አንዳንዴ ሕንዳዊው ለሁለት ደቂቃ ሲያወራ ጋሽ ሙሄ "እምቢ አለ" ብሎ ያቆማል። አንዳንዴ ሕንዳዊው አንድ ቃል ተናግሮ ጋሽ ሙሄ ግማሽ ሰዓት ይመክረናል። ሾፌሮቹ "ሙሄ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?" ይሉታል፤ እሱም "ከዓይኑ" ይላል።

እኔ ሦስተኛው ወንበር ጫፍ ላይ ነበርኩ፣ ደብተር ይዤ። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፣ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። የፊልም ቀዳዳ እጽፍበት ነበር። ቀዳዳ የምለው ታሪኩ ላይ ያልተደፈነ ቦታን ነው። ግራ ትከሻው ላይ ተመትቶ ቀኝ እጁ በፋሻ የታሰረ ሰው። ዝናብ ላይ የተሰጠና እስከ መጨረሻው ያልተከፈተ ደብዳቤ። ዓይነ ስውር ሆና የልጇን ሸሚዝ ቀለም የምታውቅ እናት። የባቡር ጣቢያ ላይ የተረሳ ሻንጣ፣ ማንም ተመልሶ ያልወሰደው፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ሳስበው የሰነበትኩት። በኋላ መጽሐፍም ገባበት። በኪራይ ከምናነባቸው መጻሕፍት አንዱ የመጨረሻው አሥራ ስድስት ገጽ ለስኳር መጠቅለያ ሄዶ ስለነበር ገዳዩ ማን እንደሆነ አዋሽ ውስጥ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የእያንዳንዱን ቀዳዳ ቁጥር፣ የፊልሙን ቀንና ያየሁበትን ወንበር እጽፋለሁ። አንዳንዴ መቀመጥ እያቃተኝ ፊልሙ መሐል ተነስቼ እናገር ነበር። "ተቀመጥ አንተ ቀዳዳ!" ይሉኛል ከኋላ። ስሜ ከድር ነው፣ ግን በዚያ ቤት ቀዳዳው ነበርኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የሚያውቀውን ደብቆ መጨረሻ ላይ ብቅ የሚያደርግ ተራኪ በእኔ ደብተር የሚመዘገበው በአጭበርባሪነት ነው፣ ስለዚህ አልደብቅም። አሥረኛ ክፍል የብሔራዊ ፈተና ልፈተን ስምንት ቀን ሲቀረኝ፣ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሾፌር የነበረው ወንድሜ ጀማል ከገዋኔ አለፍ ብሎ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። በዚያ ሙቀት ሬሳ አይቆይም፤ በሃይማኖታችንም አይቆይም፤ ያኑ ዕለት ገዋኔ ተቀበረ። ከተማው ሁሉ አወቀ። እኔ አላወቅኩም። ፈተናው ሦስት ቀን ነበር፤ ስምንትና ሦስት አሥራ አንድ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ደበቁኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው አረዱን። መርዶ እንዲህ ነው፤ የቀረበው ሰው መጨረሻ ይሰማል። በዚህ ማንንም አልከስስም። የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እናቴ ከእኔ ጋር ነው የሰማችው ወይስ ከከተማው ጋር?

ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን እነዚያን አሥራ አንድ ቀኖች በሙሉ የሚወስን ነበር። እናቴ ያኔ ለአፋሮቹ ሽርጥ፣ ለሴቶቹ ሻሽ የምትሸጥበት አንድ በር ሱቅ ነበራት። በእነዚያ ቀኖች ሱቋን ከፈተች፣ ምሳ ሠራች፣ አንድ ምሽት እራት ላይ እኔ ያልኩት ነገር አሳቃት። ሳቋን በደንብ አስታውሳለሁ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። ካወቀች፣ ልጇ አፈር ውስጥ ሆኖ ከእኔ ጋር ስቃለች ማለት ነው። ካላወቀች ደግሞ የምታምነው ሰው ሁሉ እየሳቀ አታሏታል። የትኛው እንደሚሻል ወስኜ አላውቅም።

ደብተሬ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ፊልም ያልሆኑ ቀዳዳዎች አሉ። በእነዚያ ቀኖች የተጻፉ ናቸው፤ ለምን እንደምጽፋቸው አላውቅም ነበር። አንደኛው፦ እማ ዘመድ ልጠይቅ ብላ መልካ ወረር ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከመልካ ወረር ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው የለም፣ ቢያንስ ሽንኩርት ይይዛል። ሁለተኛው፦ ፈተናው የጀመረ ዕለት ጠዋት የጀማልን ሸሚዝ ተኩሳ ሰጠችኝ። ሰማያዊ ነው፣ እጅጌው አጭር፣ ሁለት ኪስ፣ ነጭ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ያለው፤ ከጅቡቲ የገዛው። ሌላ ጊዜ ብነካው "የሰው ልብስ!" ብላ እጄን የምትመታው ሸሚዝ ነው። "ሌላ ገዝቷል" አለችኝ። ሦስተኛው፦ ቪዲዮ ቤት መሄዴን በጫማ እያባረረች ትከለክለኝ የነበረች ሴት፣ ፈተና ሲደርስ፣ በየቀኑ ከዐሱር ሶላት በኋላ አንድ ብር ከሃምሳ እጄ ላይ አድርጋ "ሂድ፣ ጭንቅላትህን አሳርፍ" ትለኝ ጀመር። አራተኛው፦ ማታ ስመለስ ዘጠኝ የሻይ ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቶ አያለሁ። እኛ ሁለት ነን።

ይህን ያነበበ ሰው "ታውቅ ነበር፣ ምን ጥያቄ አለው" ይል ይሆናል። እኔም እል ነበር፣ የዚያ ጠዋት ጩኸት ባይኖር። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው ትልቁ ሰውዬ "እቴ ዘሀራ፣ የአላህ ውሳኔ ነው" ሲል እናቴ ከቆመችበት ወደቀች። የጮኸችው ጩኸት አዲስ የሰማ ሰው ጩኸት ነበር። ከእህል መጋዘኑ ላይ የነበሩት እርግቦች ሁሉ ተነሱ። እንዲህ ያለውን ጩኸት የሚያስመስል ሰው የለም፤ ብዙ ፊልም አይቻለሁ፣ አንድም ተዋናይ አልቻለውም። ብርጭቆዎቹና ጩኸቱ አብረው አይሄዱም። አንዱ ውሸት መሆን አለበት። አሥራ ስድስት ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ኖርኩ። አልጠየቅኳትም። መጀመሪያ ስላዘነች አልጠየቅኳትም፣ ቀጥሎ ስለለመድነው፤ ከዚያ ሰመራ ገባሁና በየጁምዓው የምደውል ልጅ ሆንኩ። እንዴት ነሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሙቀቱ፣ ያው ነው፣ መድኃኒትሽን ዋጥሽ፣ ዋጥኩ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

በእነዚያ አሥራ አንድ ቀኖች ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የሆነውንም ልናገር፣ ምክንያቱም ዋናው ቀዳዳ እሱ ነው። መጀመሪያ የታየው ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሆነ የሕንድ ፊልም ነበር። ትልቁ ወንድም ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ትንሹን ያወጣና እሱ ይቀራል። ጋሽ ሙሄ በዘንጉ ቴሌቪዥኑን ነካ አደረገና፣ "በዚያው ሥራ አግኝቶ ሩቅ ሀገር ሄደ" አለ። ቀጥሎ ትልቅ የእንጨት ክምር መጣ፣ እሳት ለኮሱበት፣ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆመ። "ይሄ ደመራቸው ነው" አለ ጋሽ ሙሄ። እናትየው ነጭ ለብሳ ታለቅሳለች። "ለበዓሉ ነው የለበሰችው፣ ጭሱ ዓይኗ ገባ" አለ። ቀጥሎ የትልቁ ወንድም ፎቶ ግድግዳ ላይ ታየ፣ የአበባ ጉንጉን ተደርጎበት። እዚህ ላይ ተነሳሁ። በሕንድ ፊልም ፎቶው ላይ አበባ የተደረገበት ሰው የሞተ ሰው ነው፣ በሃያ ሁለት ፊልም አረጋግጫለሁ፣ ስለዚህ ይሄ ሰውዬ ሞቷል፣ እሳቱም ደመራ አይደለም፣ እሱ ነው የሚቃጠለው አልኩ። "ተቀመጥ አንተ ቀዳዳ" የሚል ሰው ጠበቅኩ። ማንም አላለም። ዞር ብዬ አየሁ። አንዱ ሾፌር ጫቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ሌላው ሽርጡን እያስተካከለ ነው። ጋሽ ሙሄ ዘንጉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረና "ከድር፣ አልሞተም" አለኝ። በስሜ ጠራኝ። ተቀመጥኩ። በደብተሬ ላይ ቁጥር አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ፦ ትልቁ ወንድም ካልሞተ ትንሹ ለምን ይበቀላል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋሽ ሙሄ ፊልም ሰው አይሞትም ሆነ። በሽጉጥ የተመታው ራሱን ሳተ ይባላል። ገደል የገባው ከታች ውሃ አለ ይባላል። አንዱ ከአሥረኛ ፎቅ ላይ ወደቀ፤ "አጥንቱን ነው" አለ ጋሽ ሙሄ፣ "ወጌሻ ወሰዱት"። አዳራሹ በሙሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የመጣ፣ ነገሩን የማያውቅ ሾፌር፣ "ኧረ ሞቷል ሰውዬው!" ብሎ ሳቀ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። ሻይ የሚጠጣበት ያህል ቆይቶ ተመለሰ፣ ከኋላዬ ተቀመጠ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ "ልክ ናቸው፣ አሁን ልብ አልኩት፣ ድኗል" አለኝ። ትንፋሹ ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። እኔ በዚህ ሁሉ የገባኝ ጋሽ ሙሄ ሕንድኛው እየጠፋበት መሆኑ ነበር። ደብተሬን በአሥራ አንድ ቀን፣ በሦስት ወር ከምሞላው በላይ ሞላሁት።

ወደ ሱቄ ልመለስ። ያን ቴሌቪዥን ከፍቼ ሽታውን እያሸተትኩ ሳለ በሩ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ቆመ። ሎጊያ ልጄ ዘንድ ነኝ፣ ለልጅ ልጆቼ የሕንድ ፊልም ጫንልኝ፣ ይሄ የአሁኑን አይደለም የድሮውን፣ እንዳይቆረጥ ብቻ አለኝ። እኔ የምጭነውን ፊልም እስከ መጨረሻው ሳላይ አልሰጥም፤ ሾፌሮቹ የሚመጡልኝም ለዚህ ነው፣ መጨረሻው የተቆረጠ ፊልም ይዘው የጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ላይ ሁለት ቀን ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች ናቸው። ይህን ስነግረው መነጽሩን አወለቀ።

"አንተ ቀዳዳው አይደለህም?" አለኝ።

ጋሽ ሙሄ ነበር። ወንበር ሰጠሁት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠሁት። አረጀህ አለኝ፤ እሱ አላረጀም ለማለት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ስለ ቪዲዮ ቤቱ አወራን። ያ አጭር እግር ያለው ወንበር ሰባተኛው ነው ስል ስድስተኛው ነው ብሎ ተከራከረኝ፤ ሰባተኛው ነበር። ሕንድኛውን በእውነት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጋራዥ ውስጥ የሚያስፈልገውን ያህል አለኝ፤ መፍቻ፣ ዘይት፣ ቶሎ በል፣ ምሳ ደረሰ። የቀረውን ከዓይናቸው ነው አለ። ፍላሹ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። አርባ አንደኛውን ቁጥር አሰብኩ፣ አፌም ቀደመኝ።

"ጋሽ ሙሄ፣ እማ ታውቅ ነበር? ጀማልን። ከፈተናዬ በፊት።"

"አልነገረችህም?"

"አልጠየቅኳትም።"

"አሥራ ምናምን ዓመት?"

"አሥራ ስድስት።"

"ይሄን ፊልም ላይ ብታየው ኖሮ ተነስተህ ትጮህ ነበር" አለኝ። "እናትና ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ነገር ሳይጠያየቁ፣ ማን ያምንሃል?"

ከዚያ ነገረኝ። ዝግ ብሎ ነው የነገረኝ፣ እንደ አፋሮቹ ዳጉ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሲለዋወጡ የሚጨምሩትም የሚቀንሱትም የለም፤ ጀማል መሞቱ አዋሽ የደረሰውም በዚያው መንገድ ነበር፣ ከስልኩ ቀድሞ። እናቴ ያኑ ዕለት ሰማች። በነጋታው ገዋኔ ሄዳ መቃብሩን አይታ ተመለሰች። መልካ ወረር ያልኩት እሱ ነው። በተመለሰች ማግስት፣ ቀትር ላይ፣ ውሻ እንኳ መንገድ በማይወጣበት ሰዓት፣ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም፤ ሴት አይገባበትም። መጋረጃውን በእጇ ይዛ ቆመች።

"ሙሄ፣ ልጄ ፈተናውን እስኪጨርስ ከዐሱር እስከ መግሪብ አንተ ጋ ይቆይልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት። ረጅም ረጅሙን አሳይልኝ አለች። እሺ አልኳት። ሰው የሚሞትበት ግን አታሳይበት አለችኝ። እቴ ዘሀራ፣ ሰው የማይሞትበት የሕንድ ፊልም ከየት አመጣለሁ፣ አንድም የለኝ አልኳት።"

ውሃውን ጠጣ።

"'የምትተረጉመው አንተ አይደለህ? እንዳይሞት አድርገህ ተርጉመዋ' አለች። እንዲህ ብላ መጋረጃውን ለቀቀችው።"

እኔ ፊልም ስመለከት ቤታችን ለቅሶ ነበር። ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ፣ ሻሽ እንደሚገዛ ሰው ሆነው፣ በሱቁ በር ይገቡና ወደ ጓዳ ያልፋሉ። ድምፅ የለውም፤ ጩኸቱ ከቤት ከወጣ እኔ ጆሮ ይደርሳል። እናቴ ነጠላ አፏ ውስጥ አድርጋ ሦስት ሰዓት ታለቅሳለች። መግሪብ አዛን ሲል ይነሳሉ፣ ብርጭቆው ይታጠባል፣ ፊቷን ትታጠባለች። ጋሽ ሙሄ ፊልሙ ቶሎ ሊያልቅ ሲል ዘፈኑን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ ያጫውተው ነበር። አስታወስኩት። ቁጥር ሃምሳ ሦስት፦ አንድ ሠርግ ሁለት ጊዜ ተሠረገ።

ምን እንደተሰማኝ ብጽፍ ጥሩ ነበር። የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ፍላሹ ጨርሶ እንደሆነ አየሁ፣ አልጨረሰም፤ ሰማንያ ሁለት በመቶ። ጥያቄዬን መጨረስ ነበረብኝ።

"ያ ጠዋት የጮኸችውስ? አዲስ ነበር እኮ። እንዳልሰማ ሰው ነው የጮኸችው።"

ጋሽ ሙሄ ሞኝ እንደሚያይ ሰው አየኝ።

"ታዲያ መቼ ትጩህ?" አለ።

ፈተናውን እኮ ወደቅኩ አልኩት። ነጥቡ አልመጣልኝም፤ ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ከአሮጌ መጽሐፍና ከተበላሸ ማሽን ነው የተማርኩት። "አውቃለሁ" አለ። "ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያኔም ዝም አልን።" ፍላሹን ነቀልኩ፣ መጨረሻውን ከፍቼ እንዳልተቆረጠ አሳየሁት። የሚያስከፍል ነገር አይደለም አልኩት፤ ብሩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። ደብተሩ ቤት ነበር፣ ማታ አወጣሁት። የአርባ አንድ ቁጥር ቀለም ደብዝዟል። እስክሪብቶ ያዝኩ፣ ምንም አልጻፍኩም።

ቅዳሜ ወደ አዋሽ ወረድኩ። ሚኒባሱ ገዋኔ ላይ ለምሳ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ወረደ፣ ከብት ነጂዎችና የጭነት መኪኖች መሐል ተበተነ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። በመስኮቱ በኩል ያለውን አየሁ፦ የሚሸጥ ጎማ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ አንድ ግመል። መቃብሩ ከመስጊዱ በስተኋላ ነው፣ ከመንገዱ አይታይም። አዋሽ አርባን ስናልፍ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ባዶ መሬት ላይ ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ። ካሴት ቤቱ የሞባይል ካርድ ይሸጣል።

እናቴ ስኳር አለባት። ዓይኗን ይዞታል፣ ሰውና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። ከዐሱር በኋላ በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም አለ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው፤ እሷ ታዳምጠዋለች። እኔ ስኖር አጠገቧ ቁጭ ብዬ የማይሰማውን እነግራታለሁ፤ አሁን በሩን ከፈተች፣ አሁን ደብዳቤውን ደበቀችው እያልኩ። ልጠይቃት ነበር የመጣሁት። ማለቴ፣ ታውቂ እንደነበር አወቅኩ ልላት። ጉሮሮዬ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ሦስት ቃል ነው። ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው፣ ቀጭን፣ ምንም አይሸትም።

"ያ ትልቁ ልጅ" አለች መሐል ላይ፣ "ድምፁ ጠፋብኝ። ሁለት ሳምንት ሆነው። የት ሄደ?"

ትልቁ ልጅ ሞቷል። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ክፍሉ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ መኪና ውስጥ፤ ሰመራ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቃል ስላልተናገሩበት እሷ አልሰማችም። እንዲህ ያለውን ነገር አልስትም፤ በሰዓቱም በደቂቃውም አውቀዋለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ትጠብቃለች፣ ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ነው።

"ሥራ አግኝቶ ሩቅ ሀገር ሄደ" አልኳት።

ማስታወቂያ ገባ፣ ወጣ። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና፣

"ይደውላል?" አለች።

"በየጁምዓው" አልኳት።

"ይሁን" አለች፣ ጆሮዋን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች።